ባለ አርባ ቀዳዳዋ ካርቶን

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የፈተና ወረቀት በአንድ ቀን ተኩል አርሞ የሚያስረክብ መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዲት አውቃለሁ። ሌላው መምህር ወረቀቱን በፌስታል አንጠልጥሎ በቤትና በትምህርት ቤት መሀል ሲንከራተት፣ በዚያ ክምር የተነሳ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ እሳቸው ውጤቱን ሮስተር ላይ አስፍረው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በረንዳቸው ላይ ያለችውን አበባ ውኃ ያጠጣሉ። የባዮሎጂ መምህርት ናቸው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ዛሬ ግን በግቢው ውስጥ ያንን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ጸሐፊው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እትዬ ወንፊት ይላቸዋል።

ስሙን ያወጣችላቸው አንዲት ካርቶን ናት። ከጫማ ማሸጊያ የተቆረጠች፣ ልክ የመልስ መስጫ ወረቀቱን የምታህል፣ አርባ ቀዳዳ ያላት ካርቶን። ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ«ሀ» እስከ «መ» ከተደረደሩት አራት ክቦች የመረጠውን ያጠቁራል። እትዬ ወንፊት ካርቶኗን በወረቀቱ ላይ ያስተኟታል። ቀዳዳዎቹ የተበሱት በትክክለኛው መልስ ቦታ ስለሆነ፣ በቀዳዳው ጥቁር ከታየ ልጁ አግኝቷል፣ ነጭ ከታየ ስቷል። ጥቁሩን መቁጠር፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ ቀጣዩን መሳብ። አለቀ። ተማሪዎቹ «ዛሬ ተነፋን፣ ገለባው ማን እንደሆነ ነገ ይለያል» እያሉ ይቀልዳሉ።

ብልሃታቸው በዚህ አያበቃም። በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ሲኖር የአንዱን ልጅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አያርሙም፤ አንደኛውን ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ለክፍሉ ሁሉ እያሉ ይወርዳሉ። «ጭንቅላቴ አንድ መልስ ብቻ ይዞ ሲሮጥ አይደክምም» ይላሉ። የቤት ሥራ አምስት ጥያቄ ይሰጡና አንዷን ብቻ ያርማሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች ስለማይታወቅ ልጆቹ ወደዱም ጠሉም አምስቱንም ይሠራሉ። አስተያየት ደግሞ በቁጥር ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ዝርዝሩ ተለጥፏል፤ ሦስት ማለት «ጥያቄውን እንደገና አንብብ» ነው፣ ሰባት ማለት «ሥዕሉ የታለ?» ነው። «ኧረ እናንተ፣ ዛሬም ሰባት በላሁ!» የሚል ጩኸት ከዚያ ክፍል የማይሰማበት ቀን የለም።

በዚህ ሁሉ የማይደሰቱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የቋንቋ መምህሩ ጋሽ ሰረዝ። ለጎደለች ነጠላ ሰረዝ ሁሉ ግማሽ ማርክ የሚቀንሱ፣ አንድ ድርሰት ላይ ሃያ ደቂቃ የሚቀመጡ፣ ውጤታቸው ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሚደርስ ሰው ናቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ወረቀት ትፈጫለሽ እንጂ መቼ ታርሚያለሽ!» ይሏቸዋል። «አንተስ? አቅፈህ ታሳድገዋለህ» ይላሉ እትዬ ወንፊት። እንዲህ ሲተራረቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

እንግዲህ ይህ ለሰው የሚታየው ነው። የማይታየውን እኔ ልንገራችሁ፤ እትዬ ወንፊት አያዩም ነበር።

ጨርሶ አይደለም። ሰው መግባቱን፣ በር መከፈቱን፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ክብ መኖሩን ያያሉ። የተማሪ እጅ ጽሑፍ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ እየደበዘዘ ሄዶ ድራሹ ጠፍቶባቸዋል። መጀመሪያ መነጽራቸው የቆሸሸ መስሏቸው በቀሚሳቸው ጫፍ ሲወለውሉ ከረሙ። ቀጥሎ አምፖሉ የደከመ መስሏቸው ለወጡት። ከዚያ ወዲያ የሚለወጥ ነገር አለቀ። ቀድሞ በየወረቀቱ ግርጌ አራት አምስት መስመር ይጽፉ ነበር፤ «ይቺ ሐሳብሽ ግሩም ናት፣ ግን ከየት አመጣሻት?» ዓይነት። መጻፉ ሲያስቸግራቸው ቁጥሩን ፈጠሩ። ረጅም መልስ ማንበብ ሲያቅታቸው ክቡን አበዙ። ክቡም እየደበዘዘ ሲመጣ ካርቶኗን በሱ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ጊዜ ቆጣቢ» እያለ የሚያደንቀውን ብልሃት፣ አንድ በአንድ፣ የወለደው የዓይናቸው መድከም ነው።

«ታዲያ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። አፍ ላይ ይቀላል! አባታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዓይናቸው ጉም ለበሰና መሣሪያቸውን አስቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ማነው የገባው?» እያሉ ኖረው ሞቱ። እጃቸውን ይዘው ሲያስገቡና ሲያስወጡ የነበሩት እኒሁ ልጃቸው ናቸው። አሁን እሳቸው ራሳቸው ሃምሳ ስድስት ገብተዋል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ለሳቸው ችሎት ቀርቦ ፍርድ መስማት ነበር፤ ፍርዱንም አስቀድመው የሚያውቁት ይመስላቸዋል። ሰው ሁሉ ከመሬት ተነስቶ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እያለ ሲምል፣ እትዬ ወንፊት ያቺን መሐላ ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ሌላም ፍርሃት ነበረ። ከሦስት ዓመት በፊት የጂኦግራፊው መምህር ዓይናቸው ሲደክም ወደ ስቶር ተዛወሩ። ካርታ ፊት ቆመው ስንቱን ክፍል ጸጥ ያሰኙ ሰው፣ ዛሬ ጠመኔ በፓኮ እየቆጠሩ ያስፈርማሉ። «ደህና ነኝ፤ ጸጥታ ነው» ይላሉ ሰውዬው። እትዬ ወንፊት ደግሞ ጸጥታ የሚባል ነገር አይፈልጉም። ባላቸው ከሞቱና ልጃቸው ሥራ ከያዘች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ያ ስልሳ ልጅ ባንዴ የሚንጫጫበት ክፍል ነው። ጡረታቸው አራት ዓመት ይቀረዋል። እነዚያን አራት ዓመታት ከክፍል ሳይወጡ መጨረስ፣ ሌላ ልመና አልነበራቸውም።

ዘንድሮ ከሚያስተምሯቸው ልጆች መሀል አንዲት ነበረች፤ ጥያቄ ስታበዛ መምህራን ሁሉ «ቁጭ በይ» ስለሚሏት ስሟ ቁጭበይ ሆኖ የቀረ። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ግን ቁጭ በይ የሚላት የለም። «ቲቸር፣ ልብ ለሁሉም ደም የሚረጭ ከሆነ ለራሱ ከየት ያገኛል?» ብላ የጠየቀች ቀን እትዬ ወንፊት ደስታቸው ከፊታቸው ሞልቶ «አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ካልሆንሽ እኔ ራሴ እከስሻለሁ!» ብለዋታል። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም የመሆኑን ነገር የተቆረጠ አድርጋ ይዛዋለች።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ታርሞ ተማሪዎች ወረቀታቸውን በሚያዩበት ቀን ቁጭበይ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ከአርባ ያገኘችው አሥራ አንድ ነው። በዚህ ውጤት ለሚቀጥለው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ አትመደብም። ተፈጥሮ ሳይንስ ካልገባች ሕክምና የሚባል ነገር አለቀለት።

«ቲቸር፣ ይቺን እንደገና ቢያዩልኝ?» አለች ወረቀቷን እየዘረጋች።

እትዬ ወንፊት ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ነጭ ነገር አዩ፤ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ነገር። ልባቸው ጠረጠረ። ጥርጣሬው ወዴት እንደሚወስዳቸው ስላወቁ ግን ቶሎ ብለው ዘጉት። «ያየሁትን ነው የሰጠሁሽ፣ ልጄ። ለሚቀጥለው በርቺ።»

ያቺ ዝንብ ለምን ትበራለች ብላ የምትከራከር ልጅ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ፊታቸውን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና «እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች። ወረቀቷም ወደ ክምሩ ተመለሰ።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ አስጠራቸው። ይህ ሰው የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የገዛ ተማሪያቸው ነበር፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ዛሬም ቲቸር ነው የሚላቸው።

«ቲቸር፣ መምህራኑ በእርማት አለቁ እኮ። እስቲ ያን ነገርዎን ያስተምሩልኝ» አለ።

«የቱን ነገሬን?»

«ወንፊቱን ነዋ! ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም ሰብስቤ እጠብቅዎታለሁ።»

እምቢ ቢሉ ነገር ይመጣል። እሺ ቢሉ ሠላሳ ጥንድ ጤነኛ ዓይን ፊት መቆም ነው። እሺ አሉ።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ እንዴት ያለ ትምህርት ሰጡ መሰላችሁ! የሚያሳዩትን ወረቀት አስቀድመው መርጠው በቃላቸው ይዘውታል። ካርቶኗን አወጡ፣ ጫኑ፣ ቆጠሩ፣ ስም ጠሩ፣ ውጤት ተናገሩ። የሒሳብ መምህሩ ሰዓቱን ይዞ «አሥራ ሁለት ሴኮንድ!» ብሎ ጮኸ። አንዷ ወጣት መምህርት፣ ገና ከአራስ ቤት የወጣች ናት፣ የቁጥሩን አስተያየት ስትሰማ «በሞቴ፣ ይሄን እስከዛሬ የት ደበቁብን?» አለች። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ቆሞ እናቱ የተመረቀች ይመስል ፈገግ ይላል። እትዬ ወንፊትም ሞቅ አላቸው፤ ለጥቂት ደቂቃ የዓይናቸውን ነገር ረሱት።

ይሄኔ ጋሽ ሰረዝ ከኋላ ተነሱና አንድ የመልስ መስጫ ወረቀት ይዘው መጡ። «እስቲ ይቺንም ንፊልኝ።»

እትዬ ወንፊት ካርቶኗን አስተኙ፤ ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ እያስኬዱ ቆጠሩ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። «አርባ ከአርባ! እንዴት ያለ ጎበዝ ነው ባካችሁ? የማን ተማሪ ነው?»

«የማንም አይደለም» አሉ ጋሽ ሰረዝ። «እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ መቶ ስልሳውንም ክብ ጥቁር አደረግኩት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ካርቶኗ ትክክለኛውን ክብ ብቻ ነው የምታሳየው፤ ተማሪው አራቱንም አጥቁሮ ቢሆን በምን ታውቃለች! ዓይን ያለው ሰው ወረቀቱን ገና ሲያነሳ ያየው ነበር። እትዬ ወንፊት ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ምላሳቸው ግን መቼ ተይዞ ያውቃል? «ጋሽ ሰረዝ፣ እግዜር ይስጥህ! ይቺን ነበር በመጨረሻ ላሳያችሁ ያሰብኩት። ካርቶን ከመጫናችሁ በፊት ወረቀቱን ባንድ ዓይን ቃኙት፤ እንዲህ ያለ አጭበርባሪ በየክፍሉ አይጠፋም!» አሉ። ተጨበጨበ። ጋሽ ሰረዝ ራሳቸው እየሳቁ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እህቴ» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ዳኑ። ሰው ሁሉ ብልጠት መሰለው። እሳቸውን ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። ያልሠራ ሰው አርባ ካገኘ፣ የሠራ ሰውስ ምን አግኝቶ ይሆን? ካርቶኗ የምትቆጥረው እሳቸው ያዩትን ብቻ ነው። ፈዘዝ አድርጎ ያጠቆረ ልጅ ቢኖርስ? ያቺ እሺ ቲቸር ብላ የወጣች ልጅ ፊታቸው ላይ ድቅን አለችባቸው፤ እስከ ቤታቸው ድረስም አልተለየቻቸውም።

ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሷን ስትጨርስ እናቷ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ወረቀት ከነካርቶኗ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«እማ፣ ደግሞ ምን መጣ?»

«ቁጠሪልኝ።»

«ያረምሽው አይደለም እንዴ? አንቺ ራስሽ አትቆጥሪም?»

«አላይም» አሉ እትዬ ወንፊት።

ሁለት ዓመት አንቀው የያዙት ነገር ነው፤ ሲወጣ አንዲት ቃል ሆኖ ወጣ። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተነስታ ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሁለት ዓመት! ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የጨመርሽው ለዚህ ነው? እኔ እርጅና ነው ብዬ ስስቅብሽ! ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው የዓይን ጠብታ ስሸጥ እየዋልኩ የገዛ እናቴ...» አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት። እናቷም አላባበሏትም። ልክ ነበረቻ! አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን ታጠበችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ስባ መቁጠር ጀመረች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀባት። ካርቶን ከመጫኗ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት ታያለች፣ ትቆጥራለች፣ ከሮስተሩ ጋር ታመሳክራለች። አምስት ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ ተገኘ። «እዪልኝ እነዚህን ሌቦች! ሁሉም ከአንድ ክፍል፣ አጠገብ ላጠገብ» አለች። እነሱ የጋሽ ሰረዝን ብልጠት ቀድመው ደርሰውበታል። ቀጥላ ደግሞ ጠንካራ እርሳስ የያዙ አራት ልጆች ወረቀት አገኘች፤ ክቦቹን ሞልተዋቸዋል፣ ግን ጥቁረቱ በጣም ፈዛዛ ነው። ከአራቱ አንደኛዋ ቁጭበይ ነበረች።

«ስንት ሰጥተሻታል?»

«አሥራ አንድ» አሉ እናትየው፤ ሮስተሩን ማየት አላስፈለጋቸውም።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ሦስተኛም ደገመች። «እማ፣ ሠላሳ ሰባት ነው።»

እትዬ ወንፊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የምደባው ስም ዝርዝር ረቡዕ ይለጠፋል። አንዴ ከተለጠፈ ወዲያ ማንም አያስለውጠውም።

የተመዘገበ ውጤት የሚታረመው በአንድ ቅጽ ነው፤ የተማሪው ስም፣ የድሮው ማርክ፣ አዲሱ ማርክ፣ ምክንያት፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ። እሑድ ከሰዓት እናትና ልጅ ቅጹን መሀላቸው አስቀምጠው ተፋጠጡ። «የድምር ስህተት ብለሽ ጻፊ» አለች ልጅቷ። «ልጆቹም ማርካቸውን ያገኛሉ፣ አንቺም በዘዴ ትታከሚያለሽ። ማንን ይጎዳል?»

እውነቷን ነው፣ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። እትዬ ወንፊት እስክሪብቶውን አንስተው «የድ» የምትለውን እስኪጽፉ ድረስ ሐሳቡ ጥሟቸው ነበር። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሦስት መቶ ልጅ ይመጣል፤ እሳቸውም ያቺኑ ካርቶን ይዘው ይቀመጣሉ። ያለፈው ዓመት ልጆችስ? ከነሱ መሀል ስንቱ እሺ ቲቸር ብሎ ሄዶ ይሆን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸው የደበቁት በሽታቸውን ብቻ ቢሆን ማንንም አያገባም ነበር፤ የሰው ልጅ ልፋት አብረው ደብቀዋል። የጻፉትን ሰረዙና በትላልቅ ፊደል እንዲህ አሉ፦ «ዓይኔ በደንብ ስለማያይ ተሳስቻለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል።»

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቅጹን አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ቲቸር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄን ሌላ ሰው ሳያየው ብንቀይረውስ? አዲስ ቅጽ አለኝ።»

«አንተ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሆነህ ስትኮርጅ ስይዝህ ምን ብዬህ ነበር?»

ሰውዬው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንደ ልጅ አቀረቀረ። «ሰው ሳያይህ የምትሠራው ነው ፈተናው ብለውኛል።»

«እንግዲያው ፈርም።»

ፈረመ። አራቱ ልጆች ማርካቸው እንዲታረም፣ አምስቱ ሌቦች እንደገና እንዲፈተኑ አዘዘ። ከዚያ የቀረውን ተናገረ። የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል ሊመድብላቸው አይችልም። «ደንብ ሆኖብኝ ነው፣ ቲቸር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ» አሉና ወጡ። ኮሪደሩን ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው ያለፉት፤ አሁንማ ማንን ይደብቃሉ።

ማክሰኞ ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ፣ ክንዳቸውን ጨምድዳ፣ የዓይን ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በብርሃን አየቻቸውና መብራቱን አበራች።

«የዓይን ሞራ ነው፤ በሁለቱም ዓይንዎ። እናወጣዋለን» አለች።

«ምን ማለት ነው እናወጣዋለን?»

«ቀዶ ሕክምና ነው። አንዱ ዓይን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሞራው በቀር ዓይንዎ ጤነኛ ነው፤ ሲወጣ በደንብ ያያሉ። ለምን ይህን ያህል ቆዩ?»

«አባቴም እንዲሁ ጉም ለብሶበት ነው የቀረው። የሱ ነው የወረስኩት ብዬ ነው።»

«እሳቸውን ምን አሏቸው ሐኪሞቹ?»

«ሐኪም አላየውም። ዕጣው ነው ብለን ተቀመጥን።»

ሐኪሟ የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ ጽፋ ሰጠቻቸው። እትዬ ወንፊት ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ልጃቸው በደስታ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ያለቀሱት ያንን አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ምናልባት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ዓመት።

ረቡዕ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ግቢው ሲንጫጫ እትዬ ወንፊት መምህራን ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠው ቆዩ። ቁጭበይ እየሮጠች መጣችና በሩ ላይ ስትደርስ እርምጃዋን ገታ አደረገች።

«ቲቸር፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ወጣልኝ።»

«ነይ ግቢ» አሉና አጠገባቸው አስቀመጧት። ምንም አላስቀሩም። የእርሳሱን ነገር፣ የካርቶኗን ነገር፣ ያን ቀን ወረቀቷን ተቀብለው እንዳላዩት፣ እያወቁ እንደመለሷት ነገሯት። «በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉ።

«እኔም አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንደማያዩ። ያን ቀን ወረቀቴን ገልብጠው ነበር የያዙት።»

እትዬ ወንፊት ክው አሉ። «አውቀሽ ነው የሄድሽው? አንቺ ለሁሉ ነገር አፍ ያለሽ ልጅ፣ ያኔ ምን ነካሽ? ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደሽ አትጮኺም ነበር?»

«ብናገር ስቶር ይልክዎታል ብዬ ነው» አለች ቁጭበይ። «የጂኦግራፊውን ቲቸር እንደላኳቸው። ከዚያ ማህበራዊ ሳይንስም መጥፎ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።»

ወይ ጉድ! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሐኪምነቷን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ፣ ለመምህሯ ክፍል ስትል ያለ አንድ ቃል ጥላው ሄዳለች። እሳቸው ደግሞ ለዚያው ክፍል ሲሉ የሷን አሳልፈው ሰጥተዋል። እትዬ ወንፊት እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙና «አንቺ ለኔ ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም ለራሴ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ለማንም ብለሽ እንዲህ ዝም እንዳትይ፤ ለኔም ቢሆን!» አሉ። ልጅቷ ስታለቅስ እሳቸውም አለቀሱ፤ ማን ማንን እንደሚያባብል አልታወቀም።

ሲረጋጉ እትዬ ወንፊት ከመሳቢያቸው የጥያቄ ወረቀቱንና የሷን መልስ አወጡና ሰጧት። «በይ አንብቢልኝ። ዓመቱን ሙሉ አስተምሬሽ ምን እንደምታውቂ አላየሁትም፤ ዛሬ ልስማው።»

ቁጭበይ አንደኛውን ጥያቄ ከነምርጫው አነበበች፣ መልሷን ተናገረች፣ ለምን እንደመረጠችው አስረዳች። ከዚያ ሁለተኛውን። እትዬ ወንፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዳንዴ «እህ?» ይላሉ፣ አንዳንዴ «ደግመሽ በይው» ይላሉ፣ አንዳንዴ እየሳቁ ጭናቸውን ይመታሉ። አርባኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ነበር። በር ላይ ጋሽ ሰረዝ ብቅ ብለው አዩና በሩን ቀስ አድርገው መለሱት።

«ሠላሳ ሰባት» አሉ እትዬ ወንፊት ዓይናቸውን ገልጠው። «ሦስቱን ስተሻል። እነሱን ደግሞ ነገ ነይና እንነጋገርባቸዋለን።»